የጋሼ ደምሴ ጎልፍ እና የኔ መጋዘን

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከመጋዘኔ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ... ከዚያ ዝም። ከዚያ «ወይ ጉድ!» የሚል የጋሼ ደምሴ ድምፅ።

ስገባ ጎረቤቴ ጋሼ ደምሴ ኮታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ የጎልፍ ዱላ ይዘው ቆመዋል። ነጯ ኳስ የቆርቆሮ ግድግዳዬን መትታ ጥግ ላይ ትሽከረከራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ መርካቶ፣ እህል በረንዳ አጠገብ ባዶ ጆንያ እሸጣለሁ። እሳቸው ከጎኔ የጓጉንቸር ቁልፍ ይሸጣሉ። ሴት ልጃቸው ልታገባ ነው። ሽምግልናው አልቆ ቤተሰብ የተዋወቀ ዕለት የእጮኛዋ አባት ጎልፍ እንደሚወዱ ሲያወሩ ቆይተው፣ «እርስዎስ ይጫወታሉ?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼም «እንዳቅሜ እሞክራለሁ» ብለው አረፉት። እንኳን ሊሞክሩ ዱላውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም! ሰውየው ደስ ብሏቸው ከፋሲካ በኋላ ላለው እሁድ ቀጠሯቸው። ልጅቷ እቤት ስትገባ «አባዬ፣ በማርያም፣ እንዳታዋርደኝ» ብላ አለቀሰች አሉ።

ጋሼ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ሄደው አንድ ዱላና ጥቂት ኳስ ፈልገው መጡ። ሻጩ ራሱ ከዘራ መስሎት ነበር። የኔ መጋዘን መጨረሻ ላይ የጆንያ ክምር ስላለ፣ «የሺ፣ እዚህ ልለማመድ፤ ጆንያ ምን ይሆናል?» አሉኝ። እሺ አልኩ።

እና... ቀልቤን የያዘው ነገር ይሄ ነው። አንዳንዴ ሲመቱ «ዱብ!» ብላ ኳሷ ጆንያው መሃል ትቀበራለች። ልክ ስልክ ላይ እንደሚያዩት ቪዲዮ። እዚያው ቆመው ሲደግሙት «ቋ!»... ቆርቆሮ። ያው ሰው፣ ያው ዱላ፣ ያው ኳስ። ለምን?

እኔ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ፊደል የለየሁት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። ግማሹ የተቀደደ ዜና ይደርሰኝና መጨረሻው ምን ሆኖ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው ያደግኩት። ያልገባኝ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋሁ በጎን አያቸዋለሁ። አንዴ ደጃፍ ላይ፣ አንዴ ውስጥ ተቀምጬ። እግራቸውን አየሁ፣ ሁሌም አንድ ነው። እጃቸውን አየሁ፣ ያው ነው።

ተሸካሚው አበራ ጭኖ ሲያልፍ ይተርባቸዋል።

«ጋሼ፣ እባብ ነው እንዴ የሚገድሉት?»

«አንተ ሸክምህን ተሸከም!»

«እባቡ እኮ አመለጠዎት!»

ሐሙስ ዕለት እንግዲህ ተስፋ ቆረጡ። ዱላውን አስደግፈው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና «የሺ... አሞኛል ብዬ ልቅር ይሆን?» አሉኝ። ወዲያው ገበያተኛ ጠራቸውና ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ዱላውን አየሁት... ግራ ቀኝ ገላመጥኩና አነሳሁት። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ኳሷን ትክ ብዬ እያየሁ ዱላውን ወደ ኋላ ወስጄ ለቀቅኩት።

«ቋ!»

ግን አንድ ነገር ነቃሁበት። ዱላው ኳሷ ጋ ሳይደርስ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር! የጠራኝ የለም፣ የመጣም የለም። አንገቴ በራሱ ነው የዞረው። ደገምኩት፣ ያው። መርካቶ የኖረ አንገት ማቀርቀር አይችልበትም ለካ! ከኋላ «ዘወር በሉ!» እያለ ተሸካሚ ይመጣል፤ ከፊት ደግሞ አንዱ ዕቃህን ይዞ ይሄዳል።

ጋሼ ተመልሰው እንደገና ሲሞክሩ አንገታቸውን ትክ ብዬ አየሁ። ልክ ሊመቱ ሲሉ... ወደ በሩ። በበሩ በኩል የሱቃቸው ደጃፍ ይታያል። ለአገር ምድሩ ቁልፍ የሚሸጥ ሰው ሱቁን ለአፍታ ማመን አቅቶታል! «ዱብ» ያለችው መቼ መቼ እንደሆነ ያኔ ትዝ አለኝ። እኔ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ነው።

እኛ ጋ ሰው ለጸሎትም ለምሳም ሲሄድ ለጎረቤቱ «ሱቄን እይልኝ» ብሎ ነው የሚሄደው። እሱን ካለ በኋላ ልቡ ያርፋል። እኔም ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ፊቴን ወደ ሱቃቸው አዞርኩና «ጋሼ፣ ሱቅዎን እያየሁልዎት ነው» አልኩ።

«አሁን ይሄን ምን አመጣው?»

«ዝም ብለው ይምቱ።»

«ዱብ!»

ደገሙ። «ዱብ!» ዓርብም ቅዳሜም ዱብ ዱብ ሆነ። አበራ እንኳ ጆንያ እንደተሸከመ «እባቡ ሞተ!» ብሎ ጮኸ።

የቀጠሮው እሁድ ረፋድ ላይ፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር እቤቴ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው። በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«የሺ... ሱቄን እያየሽልኝ ነው?»

እሁድ እኮ ነው! ሱቃቸው ዝግ ነው፤ ጓጉንቸር በጓጉንቸር ላይ ተደርድሮበታል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር... ግን ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ከኋላቸው ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

ቢላዬን አስቀምጬ ተነሳሁ። በመስኮቱ ወደ መርካቶ አቅጣጫ ዞርኩ።

«እያየሁልዎት ነው ጋሼ። አያስቡ።»

ስልኩን ሳይዘጉ ኪሳቸው ከተቱት መሰለኝ፤ ነፋስ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ «ጯ!» አለ።  ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ አንድ የማላውቀው ወፍራም ድምፅ ከሩቅ መጣ፤ «እንዴ ጋሽ ደምሴ! እንዳቅሜ ያሉን ይሄን ነው?»

ስልኩ ተዘጋ፣ እኔም ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ግን ያቺ መጋዘኔ ውስጥ ተደግፋ የነበረች ዱላ አሁንም ትታየኛለች። የኔስ ኳስ «ዱብ» ትል ይሆን?

ነገ ጠዋት ገና ሱቅ ስንከፍት እላቸዋለሁ፤ «ጋሼ፣ እስቲ በተራዎ ሱቄን ይዩልኝ።»