የውኃ መሥሪያ ቤቷ እመት ይቅርታ

በውኃ መሥሪያ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ስልክ የምታነሳው ሴት፣ ስሟ ትዝ የሚላት የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ስትፈርም ብቻ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «እመት ይቅርታ» ይላታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ውኃ ጠፋብኝ ላለ ሁሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ኖራለች። ያልሰበረችው ቧንቧ፣ ያላደረቀችው ጉድጓድ፣ የሁሉም ይቅርታ የሚወጣው በእሷ አፍ ነው። ድምፅዋ ደግሞ ሲያባብል ለጉድ ነው፤ ሊሳደብ የደወለው እሱው ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋል። አንድ ጡረተኛማ ቧንቧቸው ውኃ እያለው በየቀኑ በሥራ መውጫ ሰዓት ይደውላሉ። «ውኃውስ አለ ልጄ፤ በዚህ ዕድሜዬ ይቅርታ የሚጠይቀኝ የእናንተ መሥሪያ ቤት ብቻ ሆኖብኝ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጠረጴዛው ላይ ጋደም ስትል፣ እመት ይቅርታም ዐይኗን ከደን ታደርጋለች። ያኔ ይቅርታዎቿ በስልኩ ሽቦ ውስጥ ሲፈሱ፣ በየኩሽናው ሲንፎለፎሉ፣ ሰዉ በባልዲ ሲቀዳቸው ይታያታል። ባልዲው ባዶውን የሚቀመጠው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የታላቅ እህቷ ቤት።

ከሦስት ዓመት በፊት እህቷን ሊያገባ ያሰበውን ሰው ስታጫውት፣ «እትዬ ስታንኮራፋ ጎረቤት ወፍጮ ቤት መስሎት እህል ተሸክሞ መጥቷል» አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ ሻዩን ጨረሰ፤ እንደ ወጣ ቀረ። እህትማማቾቹ ተኳረፉ። ነገ ይቅርታ እላታለሁ ስትል ዓመታቱ ነጎዱ። ቃሉን ለአገር ምድሩ ስታድል ውላ፣ ለእህቷ የሚተርፍ አጣች።

አንድ ቀን ወደ ሥራ መውጫው ገደማ ስልኩ ጮኸ።

«የውኃ ውል ላዘጋ ነበር። ከነገ ወዲያ ከተማውን ለቅቄ እሄዳለሁ።»

እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። ይህን ድምፅ ከሺህ ድምፅ መሃል ትለየዋለች።

«እትዬ?»

«ደንበኛ ነኝ። እርስዎ ሥራዎን ይሥሩ።»

አንቱታው እንደ ቀዝቃዛ ውኃ በጀርባዋ ወረደ። ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች፤ በቀን ሦስት መቶ ጊዜ የሚወጣው ቃል አሻፈረኝ አለ። በስልኩ ውስጥ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ብቻ ይሰማል።

«ወፍጮ ቤት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ። «ሰው ላስቅ ብዬ አዋረድኩሽ። ቀልድ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። በድዬሻለሁ እትዬ፤ ይቅር በይኝ።»

«ለሁሉም የምትዪው ነው ይሄ?»

«ኧረ አይደለም! ለሁሉም የምለውማ ያምራል።»

ወዲያ ማዶ የታፈነ ሳቅ አመለጠ።

«ውሉን ልዝጋው?»

«ቆይ እስኪ። የኩሽናው ቧንቧ ዓመት ሙሉ ሲንጠባጠብ ኖሯል፤ ሳይጠገን ቤት አይለቀቅም። አሁኑኑ ነይ።»

«እኔ እኮ ቧንቧ መጠገን አልችልም።»

«ይቅርታ መጠየቅስ መች ትችይ ነበር?»

ስልኩን ገና ከማስቀመጧ እንደገና ጮኸ። ጡረተኛው ናቸው።

«ዛሬስ ይቅርታው አልቆብኛል አባባ» አለቻቸው ቦርሳዋን እያነሳች፤ «ነገ ይደውሉ።»