ባና የረገጠ እግር

ደብረ ብርሃን ውስጥ ባና የሚረግጡ ሴቶች ሞልተው ነበር፤ እንደ ብርሃነሽ ያለች ግን አልነበረችም። ባና ያው የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው። ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ወንፊት ነው፣ ብርድ አያስጥልም። ስለዚህ ሙቅ ውሃ እየፈሰሰበት በእግር ይረገጣል፣ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እስኪጠብቅ ድረስ ይረገጣል። ሌሎቹ ሴቶች ሲረግጡ ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ሲብስም ይሰዳደባሉ። ብርሃነሽ ዝም ነው። ትልቁ ልጇ ይሁኔ ሰሜን ዘምቶ መርዶው ከመጣ ወዲህ ሳቅም እንባም ከሷ ጋር ተለያይተዋል። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው እንኳ «ግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» እያለች ስታስተናግድ ነበር። ሰዉ ታዲያ «ልቧ ደንድኗል» አላት። ሰው ምን ያውቃል! ደንዝዛ ነበር እንጂ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ ታውቁ የለ? እንደሱ ነው።

የቀራት ታናሹ ወልደአረጋይ ብቻ ነው። እህል ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል፤ ረጅም ነው፣ ሳቂታ ነው፣ እናቱን ይወዳል። እግሩ ግን፣ ወይ እግር! ውስጥ እግሩ ለጥ ያለ ነው። ሲራመድ ጠፍ ጠፍ ይላል፣ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ከሥራ ሲገባ ባቱን ይዞ ያቃስታል። የሰፈሩ ልጆች «ወልዴ ሰፌዱ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል።

ያን ጊዜ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ወጥቶ የአንድ ዙር ልጆች ሄደዋል። ቀጣዮቹ የሚሄዱት ከአብዮቱ አሥረኛ በዓል በኋላ ነው እየተባለ ይወራል። ወልዴ ዕድሜው ደርሷል። ብርሃነሽ ይህን ስትሰማ አልጮኸችም፣ ደረቷንም አልመታችም። ሄዳ ባናዋን ረገጠች። በልቧ ግን አንድ ነገር ቁጭ ብሏል፤ ይኼኛውን አልሰጥም።

መላው የተገኘው ከጎረቤቷ ከዙቤዳ አፍ ነው። ዙቤዳ የአልዩ አምባ ሰው ናት፤ በርበሬ ትነግዳለች፣ ከገበያ ስትመለስ ከበርበሬው ይልቅ ወሬው ይበዛል። እሷም ፈረጅ የሚባል የወልዴ እኩያ ልጅ አላት፤ ጭንቀታቸው አንድ ነው።

«ሰምተሻል ብርሃነሽ?» አለች አንድ ቀን። «የከተማው ኪነት ለበዓሉ የወዳጅ አገሮችን ጭፈራ ሊያሳይ ነው አሉ። ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ። ወንድና ሴት ተያይዘው የሚዞሩበት ቫልስ ነው ምን የሚሉት ነገር አለ፣ እሱን የሚችል ወንድ ጠፍቶ የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ገብረአብ ራሱን ይዟል። የኪነት ልጆች ደግሞ ወላሂ ለዘመቻ አይነኩም! የኔው ፈረጅ በርበሬ ላይ ከማስነጠስ በቀር ምን ይችላል፣ አስተግፊሩላህ!»

ብርሃነሽ ባናው ላይ እንደቆመች ቀረች። ቫልስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ብርሃነሽ በኮረዳነቷ ከመንዝ ወጥታ አዲስ አበባ ፒያሳ አንዲት አርመን ቤት ገረድ ሆና ኖራለች። ማዳም ነበር የሚሏት። ማዳም የመኳንንቱን ሴቶች ልጆች ዳንስ ታስተምራለች፤ የእንጨት ወለሉን ሰም ቀብታ፣ እግሯ ላይ ሱፍ ጠምጥማ የምትወለውለው ብርሃነሽ ናት። አንድ ቀን ማዳም በር ላይ ቆማ አየቻት። «አንቺ፣ ይኼን እግር ከየት አመጣሽው?» አለቻት። ከየት ታመጣዋለች፣ ልጅነቷን ሁሉ ባና ስትረግጥ ነው ያደገችው። የሚማሩት ሴቶች ብዙ፣ አብሮ የሚደንስ ወንድ የለም፤ ብርሃነሽ ሽርጧን እንዳሸረጠች ወንዱን ሆና እንድትደንስ ተደረገ። ቫልስን እንደ ወንድ ብቻ ነው የምታውቀው። ይህን ለባሏም ሳትነግረው ነው ሰውዬው የሞተው።

«ና ጫማህን አውልቅና ባና እርገጥ» አለችው ወልዴን።

«እማዬ! የሴት ሥራ እኮ ነው፣ ልታስቂብኝ ነው?»

«እሺ በለኝ ወልዴ።»

ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ እናቱ አንድም ነገር ለምናው አታውቅም። አወለቀ።

እንግዲህ የዚያ ክረምት ስቃዩ! «በተረከዝህ ጀምር፣ ውስጥ እግርህን ቀስ አድርገህ አንከባልለው፣ ከዚያ ጣቶችህ ላይ ውጣ። አሁን ውረድ። ዱብ አትበል! ሲወርድ የተሰማ ተረከዝ ጆንያ ነው እንጂ እግር አይደለም።» ባናው ላይ ሲበቃው የበሩ ደፍ ላይ ታቆመዋለች፤ ጣቶቹ ድንጋዩ ላይ፣ ተረከዙ አየር ላይ፣ መቃኑን ይዞ ይወጣል፣ ባቱ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። ማረፊያው ደግሞ መሬት ላይ የተበተነ የበግ ፀጉር በእግር ጣቶቹ እየለቀመ ቅርጫት ውስጥ መክተት ነው። «ያቺን ማዳምሽን ባገኘኋት!» ይላል። «ዳንሱ ይቅር፣ እግሬ ወልቆ መቅረቱ ነው!»

ከባናው በወረደ ቁጥር ብርሃነሽ እርጥብ እግሩን ደረቅ ድንጋይ ላይ ታስረግጠዋለች። ማዳምም እንዲሁ ነበር የምታደርገው። መጀመሪያ ዱካው ከተረከዝ እስከ ጣት ሙልት ያለ ነበር። እያደር በውስጥ በኩል ያለው ድንጋይ ሳይርስ ይቀር ጀመር። ነሐሴ ሲጋመስ ተረከዙ ለብቻው፣ ጣቶቹ ለብቻቸው፣ መሐሉ ላይ በውጭ በኩል ቀጭን መስመር ብቻ። ጆንያ ተሸክሞ ሲገባም ማቃሰቱ ቀረ።

«እየው! እየው እንጂ!» አለችና ሳቀች። ወልዴ እናቱ ስትስቅ አይቶ ደነገጠ።

ያን ቀን አብረው ሊደንሱ ተያያዙ። ሁለቱም ወንድ ሆነው ቀኝ እግር ከቀኝ እግር ተጋጩና ባናው ላይ ወደቁ። ብርሃነሽ የሴቷን አካሄድ በስተርጅናዋ ከልጇ ጋር ተማረችው።

ጓድ ገብረአብ ወልዴን አንድ ዙር አስደንሶ አላመነም። «ይኼ ልጅ ሲያርፍ አይሰማም!» አለና ተቀበለው። ብርሃነሽ ያን ሰሞን ጥቂት ቃላት መናገር ጀምራ ነበር፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ እንጨት መወደድም ታወራ ነበር።

በዓሉ ሊደርስ ሲል እንግዶቹ አዲስ አበባ እንደሚቀሩ ተሰማ። በላዩ ላይ ከበላይ የመጣ አንድ ካድሬ ልምምዱን አይቶ «ይኼ የመሳፍንት ጭፈራ ነው፣ ይውጣ!» አለ። ጓድ ገብረአብ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቤቷ ድረስ መጥቶ ቆቡን በእጁ እያዞረ ቆመ።

«እናቴ፣ ምን ላድርግ? እስክስታ ይችል እንደሆን ላስቀረው እሞክራለሁ።»

ወልዴና እስክስታ! ትከሻው ግንድ ነው። ሞከረ፣ ሳቁበት፣ አብሯቸው ሳቀ፣ ወጣ።

ጥሪው በዓሉ እንዳለፈ መጣ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ግቢ ሰበሰቧቸው፤ እናቶች ከሽቦው አጥር ውጪ ቆሙ። ሲሚንቶው ወለል ላይ አንድ ጤና ረዳት ተቀምጧል። ዓይን ያያል፣ ደረት ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ የውሃ ሳህን አለ። ልጁ እግሩን ነክሮ ሲሚንቶው ላይ ይረግጣል። ብርሃነሽ ሳህኑን ስታይ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ፈረጅ ቀደመ። ነከረ፣ ረገጠ። ዱካው ከተረከዝ እስከ ጣት ሙልት ያለ ነው።

«ለጥ ያለ ነው» አለ ጤና ረዳቱ። «ይህ እግር ረጅም ጉዞ አይችልም። ተመለስ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ዙቤዳ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ለብርሃነሽ ገባት። ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት፤ ደፉ፣ ቅርጫቱ፣ ድንጋዩ። እግዚአብሔር በተፈጥሮው ሰጥቶት የነበረውን ማምለጫ በገዛ እጇ ነጥቃዋለች። «ዘርግተህ እርገጥ! ጨፍልቀው!» ብላ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ተራው ግን ደርሶ ነበር።

ወልዴ እግሩን ነከረ። እንዳስተማረችው በተረከዙ ጀመረ፣ ቀስ አድርጎ አንከባለለው፣ ቆመ። ጤና ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና አፏጨ።

«ይኼ ነው እግር! ስፖርተኛ ነህ?»

«እናቴ ናት ያሠራችኝ!» አለ ወልዴ፣ ወደ አጥሩ በጣቱ እያሳየ።

አጠገቡ የቆመው መቶ አለቃ ዞሮ ሰላምታ ሰጣት። «እናት ማለት እንዲህ ነው!» አለ። ሰዉ ሁሉ አያት።

መኪናው ላይ ከመውጣቱ በፊት ወልዴ አጥሩ ድረስ መጣ። ፊቱ በርቷል። «እማዬ፣ አየሽ? ያን ሁሉ ልጅ ሲያዩ ያመሰገኑት እግር የኔን ብቻ ነው። ሰፌዱ ይሉኝ የለ!»

ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም፤ ይህን ይዞ ከሚሄድ ኩራቱን ይዞ ይሂድ ብላ ነው።

«አየሁ ልጄ» አለች። «ጫማ ስታደርግ እግርህን አድርቀው።»

በማግስቱ ብርሃነሽ ባና ላይ ነበረች። ዙቤዳ ደስታዋን የት እንደምትደብቀው ጠፍቷት በሩ ላይ ብዙ ቆመች። የኪነቱን ወሬ ያመጣችው እሷው መሆኗም አንገቷን አስደፍቷታል። በመጨረሻ ገብታ የባናውን ውሃ በእጇ ነካች።

«ብርሃነሽ፣ ውሃው በረዶ ሆኗል እኮ! ውጪ እንጂ፣ እግርሽ ሊቀላ ነው።»

ብርሃነሽ ጎንበስ ብላ እግሮቿን አየቻቸው።

«ቀዝቅዟል እንዴ?» አለችና መርገጧን ቀጠለች።