ሟቹ በበቅሎ የደረሰበት ለቅሶ

ሟቹ ለገዛ ለቅሶው በበቅሎ ደረሰ! አትሳቁ፣ የቤተሰባችን ታሪክ ነው፤ እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት።

ዛሬ እዚህ መቱ እህቴ የቀብር ማስፈጸም ሥራ ፈቃድ አወጣች። አንድ ጎረቤታችን «ከሞት ምን እንጀራ ይገኛል?» ሲል አክስታችን እትዬ በላይነሽ ቆጣ ብለው የቅድመ አያታችንን የየሺን ነገር አጫወቱን።

ከጣልያን ወረራ በፊት ነው። የሺ ሙሾ አውራጅ ለመሆን ትመኝ ነበር። ያኔ ፈቃዱ የሰው አፍ ነው፤ የመጀመሪያው ለቅሶ ካላማረልሽ ዳግም የሚጠራሽ የለም።

አንድ የቡና ነጋዴ ጋምቤላ ወርዶ «በወባ ሞተ» የሚል መርዶ መጣ። የታወቀችው አልቃሽ ታማ ስለነበር የሺ ተጠራች። የሰውየውን ቸርነት በሙሾ ስትደረድረው ዳሱ ሙሉ ሰው ተንሰቀሰቀ።

ድንገት ከበር «ጂራ! ጂራ!» የሚል የኦሮምኛ ጩኸት ተሰማ፤ «በሕይወት አለ፣ አልሞተም!» ማለት ነው። ነጋዴው ከስቶ፣ ግን በደህና ከበቅሎው ወረደ። ሚስቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ለቅሶው እልልታ ሆነ።

የሺ «የመጀመሪያ ሥራዬ ተበላሸ» ብላ ሹልክ ልትል ስትል ነጋዴው ጠራት።

«የት ልትሄጂ? በቁሜ እንዲህ ያመሰገነኝ የለም። ከመጀመሪያው ድገሚልኝ!»

«ጋሼ፣ ሙሾ እኮ ነው!»

«በዘፈን አድርጊዋ!»

አደረገችው። ለቀስተኛው ሁሉ እስክስታ ወረደ፤ እሷም አዲስ ጋቢ ተሸለመች። (ነጋዴው ግን የተባለለትን ያህል ቸር ለመሆን ዕድሜ ልኩን ተቸገረ ይባላል።)

ከዚያ ወዲያ ከያዮ እስከ ኖፓ «የሺን ጥሩልን» የማይል ለቀስተኛ ጠፋ።

በእናንተስ ቤት ሰው የሚሸሸውን ሥራ ይዞ የተከበረ ማን አለ? እስቲ አጫውቱን።