ጸበል የገባበት ዕቃ

ፒያሳ ማኪያቶ የምጠጣበት ቤት አስተናጋጁ ሥራዬን ሲሰማ፣ «ባለ ሉካንዳ ነሽ በይኛ!» ብሎ አሾፈብኝ። ብዙም አልተሳሳተም፤ እኔ ግን ተናድጄ ካፌ ቀየርኩ። ከቀዶ ጥገና የወጣውን ሥጋ ተቀብዬ ሰም ውስጥ እቀብረዋለሁ፤ ከዚያ ከሽንኩርት ልጣጭ ይበልጥ አሳስቼ ቆርጬ መስታወት ላይ አኖረዋለሁ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ይጽፋል። የሰው ሁሉ መርዶና የምሥራች በእጄ ያልፋል፣ ባለቤቱን ግን አላየውም። የብቸኝነት ሥራ ነው። ቤትም የሚጠብቀኝ የለም።

ከሌላ ሆስፒታል ወደ ላብራቶሪያችን የሚላከውን ሥጋ ተሸክሞ የሚያመጣው የታማሚው ቤተሰብ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጡት የወጣውን እብጠት በፕላስቲክ ዕቃ ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ። ክዳኑን ስከፍተው ሥጋ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ፎርማሊን አይሸትም።

«አባባ፣ ውስጡ የነበረው ፈሳሽስ?»

«ደፋሁት ልጄ። መርዝ መርዝ ይሸታል። ጊዮርጊስ ጎራ ብዬ ጸበል ሞላሁበት።»

«መቼ?»

«ከትናንት በስቲያ።»

ጮህኩባቸው። እብጠቱ እንዳለ ወጥቷልና ሌላ የሚላክ የለም፤ ሥጋው ከበሰበሰ የሴትዮዋ በሽታ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ሊቀር ነው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እንድትድን ብዬ ነው» አሉኝ። አፈርኩ።

መሃሉ ላልቷል። ዳር ዳሩን ግን ፎርማሊኑ ቀድሞ ይዞት ኖሮ፣ ለምርመራ የሚበቃ ተርፎ ነበር። እሱን ለይቼ ቆረጥኩ። በሳምንቱ ሐኪሙ ካንሰር አይደለም ብሎ ጻፈ።

ውጤት በታሸገ ፖስታ ይሰጣል እንጂ እኛ አንናገርም። ሽማግሌው ፖስታውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አላስቻለኝም።

«ደግ ነው፣ አባባ። ካንሰር አይደለም።»

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ቤታቸው ደወሉና በመስኮቱ አሾልከው ሰጡኝ። «አንቺው ንገሪያት፤ እኔን አታምነኝም።»

ይህን ያህል ዓመት ስሠራ የአንድም ታማሚ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ውጤቱ ደህና ነው» አልኳቸው። ሴትዮዋ እልል አሉ፤ አለቀሱ፤ መረቁኝ። ኋላ ረጋ ብለው፣ «ማን ልበል፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

ሳምንት ሙሉ ሥጋቸውን በእጄ ይዣለሁ። ምናቸው ነኝ ልበላቸው? «ከላብራቶሪ ነው» አልኩና ስልኩን ለባላቸው መለስኩ።