የመጨረሻው ዙር ምርጫ

በየዓመቱ መጋቢት ላይ፣ ቬርና በምታስተናግድበት፣ አሜሪካ ቶሌዶ ከተማ ባለው መጠጥ ቤት ስምንት ወንዶች ይሰበሰቡና የቤዝቦል ተጫዋቾችን በየተራ እየመረጡ የወረቀት ላይ ቡድን ያቋቁማሉ፤ የመረጧቸው ተጫዋቾች በዓመቱ ጨዋታዎች የተሻለ ውጤት ያስመዘገቡለት ይረታል። ከእነሱ አንዱን፣ በሩ ሥር የሚቀመጠውን ሰውዬ፣ ስሙን አታውቀውም። የምታውቀው ቢራው ሳይነካ እንደሚሞቅ፣ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶችም ተሰብረው እንደ ጠመሙ መዳናቸውን ነው። ሌሎቹ ሾርትስቶፕ በሚሉት ቦታ የሚጫወተውን ዝነኛ ተከላካይ ለመውሰድ ሲሻሙ፣ እሱ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ይጠብቃል።

ዘንድሮም የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀና ሁሉም የዘለሉትን አንድ ሾርትስቶፕ ጠራ።

ከመራጮቹ አንዱ ዱዌይን በሳቅ ፈነዳ። “አንተ ሰው፣ እሱ እኮ ጉልበቱ አልቋል!”

“ኳሷ የት እንደምታርፍ ግን ያውቃል። አምናም የሳቃችሁበት ልጅ ነው የረታችሁ።”

ቬርና ብርጭቆውን እያነሳች፣ “ኧረ እስከዚህ ድረስ መጠበቁን እንዴት ቻሉት?” አለችው።

“በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ትልልቆቹ ቡድኖች ልጆች ሲመርጡ፣ ይጠሩኛል ብዬ ስልኩ ሥር ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ” አላት፤ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። “ሁለት ጊዜ ጮኸ። ሁለቱንም ጊዜ አክስቴ ነበረች፣ ‘ደወሉልህ ወይ?’ ልትለኝ።”