የቀኙ ክንፍ አልተነሳም

የልብስ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር፣ በጨርቅ የተጠቀለለች የብረት እጀታ አለች። መዳፍ ትሞላለች። ቀይ ቀለሟ ተልጦ ስርጉዷ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስንገባ የልጅ ልጄ ሜሮን ዕቃ ስትለይ አገኘቻትና፣ «እማማ፣ ይቺ የምን ዝገት ናት? ልጣላት?» አለችኝ። «አንቺን ብጥል ይሻለኛል!» ብዬ ነጠቅኳት። ልጅቷ ክው አለች። እኔ ግን እጀታዋን አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ነበር፤ ከስንት ዘመን በኋላ ዛሬም ዘይትና የታጨደ ሳር የምትሸት መሰለኝ።

ልጅ ሆኜ፣ ከልደታ ሰፈራችን በታች ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሰፊ የሳር ሜዳ ነበር። አባባ የዚያ ሜዳ ትራክተር ነጂ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሳሩ ወገባችን ድረስ ያድጋል፣ እና ጳጉሜ ሲገባ የማጨዱ ሥራ ይጀመራል። ያኔ ሰፈሩ በሙሉ ሳር ሳር ይሸታል። ጋሪ ነጂዎች ለፈረሶቻቸው ሳር ሊወስዱ አጥሩ ሥር ተራ ይይዛሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ክምሩ ላይ እየዘለልን አንገታችን እስኪቀላ እናካለን። ትምህርት ቤት ስለማይኖር የአባባን ምሳ የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

የዚያን ዓመት አዲስ ማጨጃ መጣ። ትራክተሩ ከኋላ የሚጎትተው ሆኖ፣ መሀሉ አንድ ሰፊ ገላ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ክንፍ አለው። ሜዳው ላይ ክንፎቹን ዘርግቶ ሲሄድ የሚያጭደው ስፋት ያስደንቅ ነበር። በሜዳው በር ለማለፍ ግን ክንፎቹ ወደ ላይ መታጠፍ አለባቸው። የሚያነሳቸው በጎማ ቱቦ የሚገባ ዘይት ነው። ማጨጃው ሦስት ቦታ ዘይት ይፈልጋል፤ ለገላው፣ ለግራው ክንፍና ለቀኙ ክንፍ። ትራክተሩ ግን አሮጌ ነውና ያለው የዘይት መውጫ ሁለት ብቻ ነበር።

አባባ አንዱን መውጫ ለገላው ሰጠው። ለሁለቱ ክንፎች ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለ አንድ ብረት በያጅ ዘንድ ሄዶ ባለሦስት አፍ ብረት አሠራና፣ ከቀረው መውጫ ለሁለቱም እንዲደርስ ዘይቱን ከፈለው። «መንታ እንደማጥባት ነው» ብሎ ሳቀ። ኮርቶ ነበር፣ እኔም ኮርቼ ነበር።

ረዳቱ ጋሼ ሸምሱ ይባል ነበር። ከጉራጌ አገር የመጣ፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ድምፁ ቀጭን፣ ኪሱ ቆሎ የማያጣ ሰው። ሥራው ክንፎቹ ተነስተው ሲቆሙ በሰንሰለት ማሰር ነው። እኔን ባየ ቁጥር፣ «ዘነቡ፣ አባትሽ ምሳውን ሳያካፍለኝ ሊበላ ነው፣ ተቆጪልኝ» ይለኛል። እኔም አባባን የምሬን እቆጣለሁ፤ እኩል ካልተካፈሉ ሰሃኑን አልሰጥም።

ጳጉሜ ሁለት ቀን ምሳውን ይዤ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር። አባባ በሩ ጋ ሲደርስ ለክንፎቹ ዘይት የሚለቀውን ዘንግ ሳበ። የግራው ክንፍ ብድግ ብሎ ቆመ። የቀኙ ግን መታጠፊያው የከበደ ነውና እንደ ሰነፍ ተማሪ ክርኑን ብቻ አነሳ። ጋሼ ሸምሱ የግራውን እያሰረ ነበር። ዞሮ ቀኙን ሲያይ፣ «አልተነሳም! የቀኙ አልተነሳም!» ብሎ ጮኸ፤ ግን ያ ቀጭን ድምፅ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ የት ይሰማል? አባባ በግራ ትከሻው ብቻ ዞር ብሎ አየ። ግራው ቆሟል። ሁለቱም የቆሙ መስሎት ነዳ። የቀኙ ክንፍ የበሩን ግንብ መታው። ድንጋዩ እግሬ ሥር ድረስ ተንከባለለ፤ የክንፉም ጫፍ ታጠፈ።

የሜዳው አለቃ አቶ ደጀኔ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ከቢሮ ሮጠው መጡ።

«ክንፍ የሚያስረው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ጋሼ ሸምሱ።

«እና ለምን አላሰርከውም? በቃ! ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ።»

ጋሼ ሸምሱ ዞሮ አባባን አየው። አባባ ደግሞ በጨርቅ እጁን ይጠርግ ነበር፤ ጣት በጣት፣ ቀስ እያለ፣ እንደማይሰማ ሰው። አባቴን በሕይወቴ እንደዚያ ትንሽ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ምሳውን መሬት ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ።

«ያልተነሳ ክንፍ እንዴት ይታሰራል? የቀኙ አልተነሳም እኮ! ጋሼ ሸምሱ ጮኋል፣ እኔ ሰምቻለሁ። አባባ ነው ያላየው!»

አቶ ደጀኔ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይቺ ደግሞ የማን ናት?»

አጥሩ ጋ ያለ አንድ ፈረስ አሽካካ። ከዚያ አባባ ጨርቁን ኪሱ ከተተ።

«የኔ ናት» አለ። «ያለችውም ልክ ነው። ጥፋቱ የሸምሱ አይደለም። ቱቦውን ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ፣ ሳላይ የነዳሁትም እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አዲስ ዓመት ሳይገባ ማጨጃው በዚህ በር ይለፍ» አሉ አቶ ደጀኔ። «ካላለፈ አንተም እሱም ሌላ እንጀራ ፈልጉ።»

ወደ ቤት ስንሄድ አባባ ወደ ኋላ ሳያየኝ ቀድሞኝ ሄደ። እማዬ ከጎረቤት ሰምታ ኖሮ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። «በገዛ አባትሽ ላይ መስክረሽ መጣሽ? አንቺ ዳኛ!» አለችና ለቅጣት እንስራውን አሸክማ ውሃ እንድቀዳ ወደ ቦኖ ሰደደችኝ።

የሰፈራችን ቦኖ ሁለት አፍ ነበረው፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ደረጃው ላይ። ሁለቱ አንድ ላይ ከተከፈቱ የታችኛው ይንዶለዶላል፣ የላይኛው እንደ ክር ይቀጥናል። ጠባቂዋ እትዬ ብርቄ ስለዚህ ሁለቱን ባንዴ አትከፍትም። አንዱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ነው ሌላውን የምትከፍተው። ሁልጊዜም የምትጀምረው ከላይኛው ነበር። «የታቹ ምን ጊዜም ያገኛል፣ አትንጫጩብኝ!» ትለናለች። ከሺህ ጊዜ በላይ ያየሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን እንስራዬ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ ዓይኔን ከሁለቱ አፎች ላይ መንቀል አልቻልኩም።

ቤት ስገባ አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ራቱን ይበላል። መመታቴ ካልቀረ ብዬ ተናገርኩ።

«አባባ፣ ዘይቱም እንደ ቦኖው ነው። ለሁለቱም ባንዴ ከከፈትክለት ለቀለለው ክንፍ ነው የሚያደላው። አንዱን ዝጋና ለከባዱ ቅድሚያ ስጠው።»

አባባ የያዘውን ጉርሻ ሳይጎርስ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው።

በማግስቱ እሱና ጋሼ ሸምሱ ጠመንጃ ያዥና ተክለ ሃይማኖት ያሉትን ሱቆች ሲያስሱ ዋሉ። የዘይት ግፊት የሚችሉ ሁለት ወፍራም መክፈቻዎች ባለ ቀይ እጀታ ይዘው መጡ፤ ለእያንዳንዱ ክንፍ ቱቦ አንድ አንድ ገጠሙ። የታጠፈውን ጫፍ በመዶሻ አቀኑ።

ጳጉሜ አምስት ዝናብ እያካፋ ማጨጃው በሩ ጋ ደረሰ። አቶ ደጀኔ ጃንጥላቸው ሥር ቆመው ያያሉ። መክፈቻዎቹ ያሉት ማጨጃው ላይ ነው፤ ከትራክተሩ ወንበር ላይ ሆኖ እጅ አይደርስም። አባባ ዘንጉን ይዞ ጠበቀ። ጋሼ ሸምሱ የግራውን ዘጋ፣ የቀኙን ከፈተ። ያ ከባድ ክንፍ እያቃሰተ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጋሼ ሸምሱ በሰንሰለት አሰረውና በዚያ በቀጭን ድምፁ፣ «የቀኙ ተነሳ!» ብሎ ሰፈሩን አነቃነቀው። ከዚያ ግራው ተነሳ። ማጨጃው ግንቡን ሳይነካ አለፈ።

«ይዘገያል» አሉ አቶ ደጀኔ።

«ይዘገያል» አለ አባባ። «ግን ሁለቱም ይነሳሉ። ከእንግዲህ ሸምሱ ከሌለ ደግሞ ይሄ ማሽን በበር አይወጣም።»

አለቃው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። አባባ ምሳውን ከእጄ ሲቀበል ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝና፣ «እኩል ነው የምካፈለው፣ አትቆጪ» አለኝ። ሌላ ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ማጨጃው ሲጣል የቀኙን መክፈቻ እጀታ ፈትቶ አመጣልኝ።

ዛሬ ያ ሜዳ የለም፤ ቦኖውም የለም። አባባም ጋሼ ሸምሱም አልፈዋል። እኛ ጉልበቴ ደረጃ ስለማይችል ምድር ቤት ነው የምንኖረው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣ ቀን እኛ ታንከራችንን እንሞላለን፣ ልብስ እናጥባለን። አራተኛ ፎቅ ላይ አራስ ልጅ ያላት እናት ግን ውሃው ስለማይደርሳት ጄሪካን ይዛ ደረጃ ስትወርድና ስትወጣ አያታለሁ። የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሁሉም ውሃውን ረገመ፣ ቧንቧውን ረገመ፣ ግንበኛውን ረገመ። በሸንጎ መሀል «የኔ ጥፋት ነው» የሚል ሰው ጠብቄ ነበር። እንደ አባባ ጨርቁን ኪሱ ከቶ የሚነሳ አንድም አልነበረም። ስለዚህ ምርኩዜን ይዤ ተነሳሁ።

«የምንጠጣባችሁ እኛ የታችኞቹ ነን» አልኩ። «መክፈቻ ይገጠምና ተራ ይውጣ። ከላይ ይጀመር። መጀመሪያ የኔ ቤት ይዘጋ።»

ሜሮን ቤት ስንገባ እየተነጫነጨች፣ «እማማ፣ በራሳችን ላይ?» አለችኝ። የእናቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። «አዎ፣ በራሳችን ላይ» አልኳት። ከዚያ አስቀምጬ የእጀታዋን ነገር ነገርኳት።

አሁን በየቤቱ መክፈቻ ከተገጠመ ወዲህ የፈረቃው ቀን ሲሆን ጠዋት በገዛ እጄ የቤታችንን መክፈቻ እዘጋለሁ። መዳፌን ግድግዳው ላይ አድርጌ ውሃው በቧንቧው ወደ ላይ ሲወጣ አዳምጣለሁ። ይዘገያል። ጉልበቴን እያመመኝም ቢሆን ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ ያቺ አራስ በመስኮት ብቅ ብላ፣ በቀጭን ድምፅ፣ «እማማ ዘነቡ፣ መጣ!» ትላለች።