ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ

ቡታጅራ ያንን የሚሸጥ ሞተር ሳይክል ለማየት የሄድኩ ጠዋት፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ይፋጃል! ቀና ብዬ ባለቤቱን አየሁት።

«ነድተኸው ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልነዳሁትም፣ ሲስተር! ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ቆሟል።»

«ቆሞ ነው እንዲህ የጋለው?»

«ፀሐይ ነዋ!»

ፀሐይዋ ገና የአጥሩን ቆርቆሮ አላለፈችም። ወይ ድፍረት! «እሺ፣ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ» አልኩትና ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ ምጥ ጠንቶባት ንጋት ላይ ደወሉልኝ። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ባጃጁ ጭቃውን አይቶ ተመለሰ። በእግሬ ሮጬ ስደርስ ሕፃኑ ሞቷል። እናትየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሞተር ሳይክል ሳልገዛ ሌላ ክረምት አያገኘኝም ብዬ ማልኩ።

የጤና ጣቢያችን ዘበኛ ድሮ ሞተረኛ ነበሩ። መንዳቱን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። «ሻጭ ገዢ ሳይመጣ አሙቆ ይጠብቃል፤ አሮጌ ሞተር ከሞቀ አያስቸግርም። አንቺ ቀዝቅዞ ሲነሳ እዪው፣ ልጄ» ብለውኛል። ለእኔ ደግሞ ንጋት ላይ ማን አሙቆ ይጠብቀኛል?

ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ሻይ አስመጣልኝ። አዲሱን ወንበር፣ አዲሱን ጎማ፣ ሊብሬውን አሳየኝ። ከዚያ መነጫነጭ ጀመረ።

«ወንድ ይዘሽ ብትመጪ ይሄኔ ጨርሰን ነበር።»

«ወንድ ይዤ ብመጣ ቶሎ ይቀዘቅዛል?»

አንድ ጓደኛው መጣ። ሻጩ በጉራጊኛ «ተዋት፣ ሲሰለቻት ትሄዳለች» አለው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ እንደማልሰማ እርግጠኛ ነው። ስድስት ዓመት እዚህ ሳዋልድ ግን ጉራጊኛን ያስተማሩኝ የሚያምጡ ሴቶች ናቸው።

«አይሰለቸኝም» አልኩት፣ በዚያው በጉራጊኛ። ጓደኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ።

እኩለ ቀን ሲሆን መዳፌን መልሼ አሳረፍኩ። ቀዝቅዟል። «በል አስነሳው!» አልኩት። ረገጠ፤ ዝም። ደግሞ ረገጠ፤ ዝም። ኮቱን አውልቆ ረገጠ። ላቡ በግንባሩ ሲወርድ፣ በስንት መከራ አንዴ አስሎ ተነሳና ግቢውን በሰማያዊ ጭስ ሞላው።

«ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው እንዲህ የሚያስቸግረው» አለኝ እያለከለከ።

«እኔ የምፈልገው ጠዋት ጠዋት ነዋ! በል ሞኝህን ፈልግ!»

አልተቆጣም። አጠገቤ ቁጭ አለና «እኔም ስገዛው ሞቆ ነበር» አለኝ። ቆሽቴ አርሮ ነበር፤ ይህን ስሰማ ግን አሳዘነኝ። ቢያሳዝነኝም አልገዛሁትም።

ሦስት ሳምንት ስፈልግ ከረምኩ። ስንቱ ደጅ ተቀምጬ ሞተር አቀዘቀዝኩ! በመጨረሻ ቡኢ ከተማ የአንድ መምህር ሞተር ሳይክል አገኘሁ። ቀለሙ ተልጧል፣ አንድ መስታወት የለውም፣ ወንበሩ በፕላስተር ተጠግኗል። መዳፌን ሳሳርፍ በረዶ ነው። አንዴ ረገጥኩት፤ ተነሳ። አጥፍቼ ሻይ ጠጥተን ስንመለስም በአንድ ርግጫ ተነሳ። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ንጋት ላይ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ስልኬ ጮኸ። የአንዲት ነፍሰ ጡር የሽርት ውኃ ከፈሰሰ ቆይቷል አሉኝ። ሞተር ሳይክሌ በአንድ ርግጫ ተነሳ። ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ወደቅኩ፤ አንስቼው ቀጠልኩ። እዚያ ስደርስ የወላዷ አማት ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመዋል። ፊታቸውን ማየት ፈራሁ።

«እማማ፣ እንዴት ሆነች?»

«ገና ናት፣ ልጄ። ግቢ» አሉኝ።

እጄን ታጥቤ ገባሁ።